መኪናው የሚለው፣ ማደያው የሚለው

ሃይብሪድ መኪና የያዘ ሰው ስለ ነዳጁ ሁለት ወሬ ይሰማል። አንዱን የሚነግረው ዳሽቦርዱ ነው፤ «በ100 ኪሎ ሜትር 4.5 ሊትር» ብሎ ያሞግሰዋል። ሌላውን የሚነግረው ማደያው ነው። ባለ መኪናው የቀዳውን ሊትር ከሄደው ኪሎ ሜትር ጋር አስተያይቶ ሲያሰላ 4.5 አይመጣለትም፤ 4.7 ወይም 4.9 ይሆንበታል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋድለው ወደ አንድ ወገን ነው፤ መኪናው ራሱን ያመሰግናል፣ ማደያው ሒሳቡን ይቀበላል።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። አሁን አንድ ሾፌር በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል እንበል። 45,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዳሽቦርዱ «በሊትር 20 ኪሎ ሜትር» ሲለው እውነቱ 19 ቢሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ በእቅዱ ያልነበረ 118 ሊትር ያህል ቀድቶ ይገኛል። ሊትሩ በ100 ብር ቢታሰብ 11,800 ብር ነው። የቤት ኪራይ ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይነሳል፤ የሚዋሸው የትኛው ነው? መልሱ ሰው እንደሚጠብቀው አይደለም። ሁለቱም አይዋሹም። እያንዳንዱ ያየውን ይመሰክራል። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ሲኖር ነው።

ምስክር የሚባለው ነገር

«ምስክር» የሚለውን ቃል ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከጉና ተራራ ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ የምትገኘው ይህች ደብር የድጓ ምስክር ቤት ናት። አንድ ተማሪ ድጓውን በሌላ አገር፣ በሌላ መምህር እግር ሥር ቢጨርስ እንኳ፣ መምህር ተብሎ ወንበር ለመትከል ቤተ ልሔም ሄዶ መመስከር አለበት። «ተመሰከረለት» የሚባለው ያኔ ነው። እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ናት። አንድ አገር ሁለት ማረጋገጫ ይዛለች።

ለምን አስፈለገ? ድጓ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ ግዙፍ መጽሐፍ ነው፤ የዜማ ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት እየተባሉ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት እነዚህ ምልክቶች ደቃቅ ናቸው። ጸሐፊው አንዷን ከቦታዋ ቢያንሸራትት ዜማው ይለወጣል። የሚቀጥለው ጸሐፊ ደግሞ የተሳሳተውን እውነት ብሎ ይገለብጣል። በዚህ መንገድ ስህተት እንደ ውርስ ይተላለፋል።

መድኃኒቱ ብልህ ነው። መጽሐፉን በቃል፣ ቃሉን በመጽሐፍ መፈተሽ ነው። ተማሪው የጻፈው አለ፤ ተማሪው በቃሉ የያዘው አለ፤ ከሁለቱም ውጭ ደግሞ የምስክሩ መምህር አለ። ሦስቱ ሲገጥሙ ነገሩ ጸና። ሳይገጥሙ ሲቀሩ ይታረማል። እዚህ ላይ አንድ ስውር ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሁለተኛው ምስክር ከመጀመሪያው የቀዳ መሆን የለበትም። ተማሪው ዜማውን ያጠናው ከዚያው ከተሳሳተው መጽሐፍ ብቻ ከሆነ፣ ቃሉም መጽሐፉም አንድ ላይ ይሳሳታሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይስማማሉ። ሲስማሙ ማየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ይህ ነጥብ ወደ መኪናው ስንመለስ ያስፈልጋል።

በሳጥን ውስጥ የምትወድቅ ጠጠር

የተሄደበትን መንገድ በመሣሪያ የመቁጠር ሐሳብ ከመኪና በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ አንድ ሠረገላ ይገልጻል። መንኮራኩሩ በወርዱ 4 ጫማ ነው። 400 ጊዜ ሲዞር አንድ የሮማ ማይል ይሞላል፤ ያኔ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ተያይዘው አንዲት ጠጠር ወደ ሳጥን ይጥላሉ። ማታ ጠጠሮቹ ሲቆጠሩ የቀኑ ጉዞ ታወቀ።

የዛሬው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ በዚያው ሐሳብ ይኖራል። ጠጠሯ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተለወጠች እንጂ፣ የሚቆጠረው ያው የጎማ ዙር ነው። መኪና መንገድን አይለካም፤ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው የሚቆጥረው። ጎማ ሲያልቅ ክቡ ያንሳል፤ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይዞራል። 300 ሚሊ ሜትር ያህል ሬዲየስ ያለው ጎማ 6 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ቆጣሪው ከእውነቱ 2 በመቶ አብልጦ ይቆጥራል። ባለ መኪናው ሳይሄድ የሄደ ይመስለዋል፤ ነዳጁም የቆጠበ ይመስለዋል። ከፋብሪካው መጠን ከፍ ያለ ጎማ ያስገባ ደግሞ በተቃራኒው ይቆጠርበታል።

በደቡብ ጎንደር ግን ከኪሎ ሜትሩም በላይ ሌላ ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እየጎተቱ፣ ጋይንትን አቋርጠው መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ርቀቱ ዛሬ በመኪና የሳምንት መንገድ አይደለም። የፈጀው ርቀቱ ሳይሆን ገደሉና አቀበቱ ነው፤ መንገዱ እየተቆረጠ፣ ከባዱ ብረት በሰው ጉልበት እየተሳበ ነው ያለፈው። በካርታ ላይ ያለው ርዝመት የጉዞውን ዋጋ አይናገርም ለማለት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ዘመናዊው መንገድ በዚያ ምድር ያለፈው በደርግ ዘመን ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ ወልድያ የሚወርደውን መንገድ ቻይናውያን ሠሩት፤ ሰዉም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ግድም። ነፋስ መውጫ 3,100 ያህል። ይህን ቁጥር ያልያዘ የነዳጅ ሒሳብ በዚያ አገር ሒሳብ አይባልም።

ዳሽቦርዱ ምን አየ?

ብዙ ሰው ዳሽቦርዱ ታንከር ውስጥ ያለውን ነዳጅ እየለካ የሚነግረው ይመስለዋል። አይደለም። የነዳጅ ጌጁ ሌላ ነው፣ የፍጆታው ቁጥር ሌላ ነው። የሞተሩ ኮምፒዩተር ኢንጀክተሮቹን የሚያዝዘው ራሱ ነው፤ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ለስንት ሺህኛ ሰከንድ ተከፍቶ እንደቆየ ያውቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ «መውጣት እንዳለበት» በፋብሪካ ተሞልቶለታል። ያንን ይደምራል፤ በጎማው ዙር ለተቆጠረው ኪሎ ሜትር ያካፍላል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ይህ ነው።

እንግዲህ ዳሽቦርዱ የሚመሰክረው ስላዘዘው ነዳጅ ነው እንጂ ስለተቀዳው ነዳጅ አይደለም። ኢንጀክተር ሲያረጅ ወይም ሲቆሽሽ ያዘዘውና የወጣው ይለያያል። ነዳጁ ራሱም ይለወጣል። ኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ገበያ በቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ትቀላቅል ነበር፤ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርጋዋለች። ኢታኖል በአንድ ሊትር የሚይዘው ጉልበት ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። አሥር በመቶ ሲቀላቀል በሊትር የሚሄደው መንገድ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መኪናው አልተበላሸም፤ ሾፌሩም አልለወጠም። ሊትሩ ግን ያው ሊትር አልነበረም።

በዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ የሚያጋንን ጎረቤት አለ። ብዙ አገሮች በሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ መሠረት፣ ፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት አይፈቀድለትም፤ ከፍ አድርጎ ግን እስከ 10 በመቶና ተጨማሪ 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማሳየት ይችላል። ምክንያቱ ደኅንነት ነው። ትምህርቱ ግን አይረሳም፤ ዳሽቦርድ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ከመለኪያ በፊት ውሳኔ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ወደየትኛው ወገን ቢሳሳት እንደሚሻል ወስኖለታል።

የነዳጅ ፍጆታውን ቁጥር በሕግ ለመያዝ የሞከረችው አውሮፓ ናት። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ የሚመዘገቡ አዲስ የቤንዚን፣ የናፍጣና ከሶኬት የሚሞሉ ሃይብሪድ መኪኖች የበሉትን ነዳጅ የሚመዘግብ ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ፤ ስህተቱም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ከላይ የተቆጠረው 11,800 ብር፣ የ20 እና የ19 ልዩነት፣ በዚያች 5 በመቶ ውስጥ የሚያድር ነው። ሕግ የሚፈቅደው ስህተት የአንድ ቤተሰብ የወር ወጪ ይሆናል።

የአውሮፓ ኮሚሽን የተሰበሰበውን መረጃ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣ፣ ተራ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች መንገድ ላይ የሚበሉት በላቦራቶሪ ከተነገረው 20 በመቶ ያህል ይበልጣል። ከሶኬት የሚሞሉት ሃይብሪዶች ደግሞ በአማካይ ሦስት ተኩል እጥፍ ሆነው ተገኙ፤ ዋናው ምክንያት ሰው ይሞላቸዋል ተብሎ የታሰበውን ያህል ከሶኬት ሳይሞላቸው በቤንዚን መንዳቱ ነው።

በቦታው ያልነበረ ምስክርም አለ። ፎርድ ሲ-ማክስ የተባለውን ሃይብሪድ ሲያወጣ በጋሎን 47 ማይል ይሄዳል ብሎ ነበር፤ በእኛ አነጋገር በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ገዢዎች እየቀዱ ሲያሰሉ አልገጠመም፤ ጉምጉምታ ተነሳ። በነሐሴ 2013 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው ወደ 43 ማይል ዝቅ አደረገው፤ በሊትር 18.3 ግድም። ለገዢዎችም 550 ዶላር ከፈለ። ምክንያቱ ሲጣራ ለሲ-ማክስ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በሲ-ማክስ አልነበረም። ያው ሞተርና ተመሳሳይ የክብደት ምድብ ስላለው፣ በሌላው የኩባንያው ሃይብሪድ፣ በፊውዥን፣ የተለካውን መውሰድ ደንቡ ይፈቅድ ነበር። ቅርጻቸው ግን ይለያያል፤ ነፋሱን የሚከፍሉት እኩል አይደለም። ይህን ያጋለጠው ማደያ ላይ ቆሞ እስክሪብቶ የያዘ ተራ ሰው ነው።

የእጅ ስሌቱስ ይታመናል?

«ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። የእጅ ስሌቱም ገንፎ ነው።

ዘዴው የታወቀ ነው። ታንከሩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፤ ነድቶ መመለስ፤ እንደገና እስከ አፉ መሙላት፤ በሁለተኛው ጊዜ የተቀዳው ሊትር የተበላው ነው። ቀላል ነው፤ ግን «ሙሉ» የሚባለው ነገር አንድ አይደለም። የአንዱ ማደያ ቧንቧ ቶሎ ይቆርጣል፣ የሌላው ይዘገያል። መኪናው ትንሽ ዘመም ብሎ ከቆመ ታንከሩ አየር ይይዛል። ቤንዚን በሙቀት ይለጠጣል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሺህ አንድ ያህል። በዚህ ሁሉ የአንድ ሊትር ተኩል ስህተት ቢፈጠር፣ 35 ሊትር በተቀዳበት ጊዜ ከ4 በመቶ በላይ ነው። አንድ ጊዜ ቀድቶ «ዳሽቦርዱ ዋሸኝ» የሚል ሰው ራሱ ዳሽቦርዱን ያህል ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። አሥር ጊዜ ተቀድቶ ሊትሩ ሁሉ ሲደመር፣ የመካከለኞቹ ስህተቶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ዛሬ የጎደለው ነገ ይቀዳልና። የሚቀረው የመጀመሪያውና የመጨረሻው አሞላል ስህተት ብቻ ነው። ያው አንድ ሊትር ተኩል ለ350 ሊትር ሲካፈል ከግማሽ በመቶ ያንሳል። በአንድ ቅጅ የማይታመነው ምስክር በአሥር ቅጅ ከዳሽቦርዱ ይልቅ ታማኝ ይሆናል።

አሁን ያ የቤተ ልሔም ቅድመ ሁኔታ ይመጣል። ሊትሩ ከማደያው ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ከየት ነው? ከዚያው ከመኪናው ቆጣሪ! ዳሽቦርዱም የእጅ ስሌቱም ለኪሎ ሜትሩ አንድ ምንጭ ይጠቀማሉ። ጎማው ያለቀ ከሆነ ሁለቱም አብረው ያጋንናሉ፤ ይስማማሉም። ከአንድ የተሳሳተ መጽሐፍ የተማሩ ሁለት ደቀ መዛሙርት እንደማለት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ራሱ አንድ ጊዜ ከውጭ መፈተሽ አለበት፤ በመንገድ ዳር ካሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ጋር፣ ወይም በስልክ ጂፒኤስ፣ ረዘም ባለ መንገድ።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

በጋይንት መንገድ ላይ የሚደረግ ሌላ ስህተት አለ፤ ይህኛው ከመሣሪያ ሳይሆን ከአካፋይ የሚመጣ ነው።

1,400 ኪሎ የሚመዝን ሃይብሪድ ከወረታ ደብረ ታቦር ይወጣል እንበል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው 900 ሜትር። መኪናውን ያን ያህል ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 3.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል፤ የሞተሩ ብክነት ሲታሰብ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ቤንዚን ነው። በሜዳ 1.8 ሊትር ይበቃው የነበረው መንገድ 2.9 ሊትር ይወስዳል። ሲመለስ ቁልቁለቱ ያግዘዋል፤ አንድ ሊትር ቢበቃው ነው።

ሾፌሮች በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ብለው ነው የሚያወሩት። ሲወጣ በሊትር 13.8፣ ሲወርድ በሊትር 40። ብዙ ሰው ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና «በአማካይ 27» ይላል። ስህተት ነው። 80 ኪሎ ሜትር በ3.9 ሊትር ነው የሄደው፤ በሊትር 20.5 ብቻ። መሣሪያው ሳይዋሽ፣ ማደያው ሳያጭበረብር፣ ሾፌሩ ራሱን 6 ኪሎ ሜትር አታለለ። አማካዮችን አማካይ ማድረግ አይቻልም፤ ኪሎ ሜትሩ ከኪሎ ሜትር፣ ሊትሩ ከሊትር ጋር ተደምሮ ነው የሚካፈለው።

ሃይብሪድ ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል የሚባለውስ? እውነት ነው፤ ግን ቋቱ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ በወጣው በቶዮታ ፕሪየስ የተጀመረው የሃይብሪድ ትውልድ ለረጅም ዘመን የያዘው ባትሪ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ዕድሜው እንዲረዝምም ከዚያ ውስጥ የሚሠራበት ከፊሉን ብቻ ነው። ከነፋስ መውጫ ወረታ ድረስ ያለው የ1,300 ሜትር ቁልቁለት ደግሞ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል አለው። ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪው ቶሎ ይጠግባል፤ የተረፈው በፍሬንና በሞተር ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የጃፓን ከተማ ውስጥ፣ ቆም ሄድ በሚባልበት፣ የሚደነቀው ነገር ጉና ሥር ያን ያህል አይደነቅም።

ስለዚህ ቁልቁለት ግርጌ ላይ ቆሞ የተነሳ የዳሽቦርድ ፎቶ ምንም አይመሰክርም። መኪና ሲሸጥ «በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር» የሚል ፎቶ ለሚላክለት ገዢ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ይህ ቁጥር ዜሮ የተደረገው የት ላይ ነው?

ሁለት የ767 ታሪኮች

የነዳጅ ቁጥር ሲሳሳት ምን እንደሚከተል ከመኪና ይልቅ አውሮፕላን ይናገራል። ሁለት ታሪክ ይበቃል፤ ሁለቱም በቦይንግ 767 የሆኑ ናቸው።

የመጀመሪያው በካናዳ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. የኤር ካናዳ በረራ 143 ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን ሊነሳ ሲል የነዳጅ መለኪያ ስክሪኑ አይሠራም ነበር። ሠራተኞቹ ወደ እጅ ስሌት ሄዱ፤ ታንከሩ በዘንግ ተለካ፤ 7,682 ሊትር። አዲሱ አውሮፕላን በኪሎ ግራም የሚሠራ ነው፤ ካናዳም ያኔ ከፓውንድ ወደ ኪሎ በመሸጋገር ላይ ነበረች። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ በ1.77 አባዙት። ያ የፓውንድ ማባዣ ነው፤ ለኪሎ የሚያስፈልገው 0.8 ግድም ነበር። ከ20,000 ሊትር በላይ መጨመር ሲገባ 4,917 ሊትር ብቻ ተጨመረ። የተሳሳተውን ቁጥር ወደ በረራ ኮምፒዩተሩ አስገቡት። ኮምፒዩተሩም በሰማይ ላይ «በቂ ነዳጅ አለ» እያለ ያንኑ የነገሩትን መለሰላቸው። ሁለቱም ሞተሮች በአየር ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለ የተተወ የጦር አየር ማረፊያ ላይ ያለ ሞተር አሳረፉት፤ 69ኙም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ተረፉ።

እዚህ የተሳሳተው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስክሪኑ ምስክር መሆኑ ቀረ፤ የእጁ ማሚቶ ሆነ። ቃሉና መጽሐፉ ተስማሙ፤ ከአንድ ስህተት ስለተቀዱ።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ለዚያ የሚበቃ ነዳጅ እንደሌለ ደጋግመው ነገሯቸው፤ የተቀዳው ለያዙት መንገድ ነው። ጠላፊዎቹ አላመኑም። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር መንገዱ መጽሔት ይህ ዓይነት አውሮፕላን 11 ሰዓት ይበራል ብሎ ጽፏል ብለው ተከራከሩ። የመጽሔቱ ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ ታንከሩ ሙሉ ሲሆን የሚደረስበት ጣሪያ ነው። የዚያን ቀን ታንከር ግን አልነበረም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ።

የታተመ ቁጥር ከአብራሪው ጌጅ ጋር ተጣላ፤ መሣሪያ የያዘው ወገን የታተመውን አመነ። የካፒቴኑ ብርታት ዛሬም በዓለም ይነገራል። ቁጥሩን በተመለከተ የሚቀረው ትምህርት ግን ይህ ነው፤ «ይችላል» እና «አለው» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሻጭ ወረቀት ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቃል ይጽፋል፤ ሰው ግን የሚሳፈረው በሁለተኛው ነው።

ቤንዚኑ ቢሄድም ጥያቄው አይሄድም

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ኢትዮጵያ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗ ተገለጸ። አንዳንዱ ሰው ከእንግዲህ የሊትር ሒሳብ ቀረ ብሎ ያስባል። አልቀረም፤ ስሙን ቀየረ። ኤሌክትሪክ መኪና ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ከባትሪው የወጣውን ጉልበት ነው። የቤቱ ቆጣሪ የሚመዘግበው ግን ወደ ቻርጀሩ የገባውን ነው። በመካከሉ በሙቀት የሚጠፋ አለ፤ ከመቶ አሥር ያህል መሆኑ የተለመደ ነው። ሒሳብ የሚከፈለው በቆጣሪው እንጂ በስክሪኑ አይደለም። «የቀረዎት 300 ኪሎ ሜትር» የሚለውም ያለፈውን መንገድ አይቶ የወደፊቱን የሚተነብይ ግምት ነው። ወረታ ላይ የተተነበየው የጋይንትን ዳገት አያውቅም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ከመሣሪያ ጋር መጣላት አይደለም። ዳሽቦርዱ በራሱ ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ዛሬን ከትናንት፣ አንዱን አነዳድ ከሌላው ለማወዳደር ይበቃል። ሁልጊዜ 5 በመቶ የሚያጋንን ከሆነ፣ ማጋነኑ እስከታወቀ ድረስ ይጠቅማል። የሚጎዳው ማጋነኑ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደብተር፣ አሥር ቅጅና አንድ ማካፈል ይበቃል። ለድርጅት መኪና የነዳጅ በጀት የሚይዝ፣ ለሚያከራየው መኪና ሒሳብ የሚቀበል፣ ያገለገለ ሃይብሪድ ለመግዛት ቁጠባውን የሚያወጣ ሰው ሁሉ ይህ ደብተር ከሌለው በሌላ ሰው ቁጥር ይኖራል።

የገበያው ሰው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ሲል የቁናው መጠን ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ እያወቀ ነው። እህሉን ይዞ ከመሄዱ በፊት የማን ቁና እንደሆነ ይጠይቃል። የጋይንት ሊቃውንትም ይህንኑ በመጽሐፍ ላይ አደረጉት፤ እጅግ የሚያከብሩትን ድጓ እንኳ ሌላ ምስክር ሳይጠይቁ አላጸደቁትም። አለማመን አይደለም፤ ማክበር ነው። አንድን ነገር በእውነት ከተፈለገ ይፈተሻል። ስክሪን ላይ የሚበራ 4.5 ከድጓው የሚበልጥ ክብር የሚሰጠው ምንም ምክንያት የለም።